የመጽሐፍ ቃልና የመጽሐፍ መልክ

መጽሐፍን የሚወድ ሰውና የመጽሐፍን መልክ የሚወድ ሰው አንድ ናቸውን? ወይስ ይለያያሉ? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ሣጥን ነው። በአሜሪካ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ባሕር ዳር በመጣ ጊዜ ልብሱን በትንሽ ከረጢት፥ መጻሕፍቱን ግን በታላቅ ሣጥን ይዞ ገባ። በሣጥኑ በአንደኛው ወገን በሥዕል የሚተረኩ የአሜሪካ ጀግኖች ታሪክ ነበረበት፤ በሁለተኛው ወገን ደግሞ የሀገራችን የብራና መጻሕፍት ከነመልካቸው በፎቶግራፍ ተነሥተው የታተሙባቸው ጥራዞች ነበሩ።

ስለ ፊተኛው ጥቂት ልናገር፤ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነውና። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1938 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ሱፐርማን የተባለው፥ መኪና በእጁ የሚያነሣው ጀግና መጀመሪያ የወጣበት መጽሔት በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ዛሬ ከዚያ እትም የቀሩት ጥቂቶቹ በሚሊዮን በሚቈጠር ዶላር ይሸጣሉ። ስለዚህ ይህን መግዛት ለማይችለው አፍቃሪ አሳታሚዎች የቀድሞውን ከነዋጋው፥ ዛሬ ከገበያ ከጠፋው ዕቃ ማስታወቂያ ጋር ሳይቀር መስለው ያትሙለታል። «ማስታወቂያውን ምን ታደርገዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «አጎቴ፥ ዘመኑን እንዳለ ለማየት ነው እንጂ ዕቃውንስ አልገዛውም» ብሎ ሳቀ።

ቀጥሎም የነገረኝ ነገር ነው ብዕር ያስያዘኝ። ያው አሳታሚ በ1974 ያንኑ መጽሔት በትልቅ ገጽ ደግሞ አሳትሞት ነበር፤ ከላይ ሌላ ልባስ አልብሶ፥ በልባሱም ላይ ዳግመኛ የታተመ መሆኑን የሚያስረዳ ቃል ጽፎበት ነበር። ሐሰተኞች ግን የላይኛውን ልባስ ገፈው፥ ውስጡን የ1938ቱ ነው እያሉ ለየዋሃን ሸጡት። እንግዲህ ቅጂው አልዋሸም፤ ልብሱን የገፈፈው ሰው ዋሸ።

ይህ የሩቅ ሀገር ነገር ነው ብለን እንዳንስቅ የራሳችን ደጅ ይወቅሰናል። በጣና ዳርና በጎንደር ለሀገር ጎብኚ ከሚሸጠው ብራና ስንቱ ነው አምና ታርዶ፥ ዘንድሮ ተጽፎ፥ በማድቤት ጢስ ጠቍሮ «የጥንት ነው» የተባለው? የጻፈው እጅ መልካም እጅ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉም መልካም ይሆናል። ዘመኑን በሠራ ጊዜ ግን ያ መልካም እጅ ሐሰተኛ ምስክር ሆነ።

ይሁን እንጂ ቅጂ ሁሉ የተናቀ ነው የሚል ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ነገር አላስተዋለም። ሙሴ የፊተኞቹን ጽላት ከሰበረ በኋላ በታቦቱ ውስጥ የተቀመጡት ሁለተኞቹ አይደሉምን? ንጉሡ ኢዮአቄም የኤርምያስን መጽሐፍ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜም ባሮክ ከነቢዩ አፍ ደግሞ ጻፈው፤ ሁለተኛውም ከፊተኛው የበዛ ሆነ። በየደብራችን መንበር ላይ ያለው ጽላትስ የዚያ የሲና ጽላት ምሳሌ አይደለምን? በጳጳስ እጅ በሜሮን ይከብራል፤ የመጀመሪያው ነኝ ብሎ ግን አይዋሽም።

የኛ ቁም ጸሐፊም ሲገለብጥ ቃሉን እንጂ መልኩን አይቀዳም። የፍየሉን ቆዳ ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ በመቃ ብዕር ይጽፋል፤ የተሳተውን ያቀናል፥ ለቅዱሳን ስም ቀይ ቀለም ይለውጣል፥ በመጨረሻም የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም አኑሮ ጸሎት ይለምናል። አሮጌው መጽሐፍ ላይ የጠብታ ሰም ቢኖር፥ ሰሙን በአዲሱ ላይ አያንጠባጥብም። በፎቶግራፍ የሚነሣው መጽሐፍ ግን ስሕተቱንም፥ ሰሙንም፥ የአንባቢውን የአውራ ጣት እድፍም ይዞ ይመጣል። እኔ አስቀድሞ ይህን እንደ ከንቱ ድካም እቈጥረው ነበር፤ አሁን ግን ፈርጄበት እንደ ነበር ተረዳሁ። የአንዱ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላው የተተካበትን ቦታ ገልባጩ ያልፈዋል፤ ፎቶግራፉ ግን ይመሰክራል። በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈውን የርስትና የንዋየ ቅድሳት መዝገብም እንዲሁ።

ይህ ምስክርነት ቀላል አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣናን ደሴቶች መጻሕፍት በፎቶግራፍ አነሣ፤ የክብራን ገብርኤል መጻሕፍት ዝርዝር በ1973 ታተመ፥ የዳጋ እስጢፋኖስ በሌላ ሊቅ እጅ በ1999። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቶ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፥ አንዱን በአሜሪካ በሚኒሶታ አኑሯል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመናቸውን በዚያ መዝገብ ላይ ፈጽመዋል። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ከዕቃ ቤት ቢጠፋና ነገ በሩቅ ገበያ ቢገኝ፥ «የኛ ነው» ለማለት ከዚህ የሚበልጥ ምን ምስክር አለ?

ነገር ግን ቅጂው ባለቤቱን የሚያረካበት ክፉ እርካታም አለ። ሌዲ ሚውክስ የተባለች እንግሊዛዊት ባለጠጋ በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት አንዳንዶቹን ይዛ፥ የመብዐ ጽዮንን ገድል በ1898፥ ተአምረ ማርያምን በ1900 ከነሥዕላቸው በቀለም አሳተመቻቸው። ኋላም መጻሕፍቱ ለዳግማዊ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዘዘች። በ1910 ስትሞት ግን ኑዛዜዋ ሳይፈጸም ቀርቶ መጻሕፍቱ ተሸጡ። «ቅጂው ታትሞላቸው የለምን፥ ዋናውን ምን ያደርጉታል?» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ቅጂ ምስክር ሊሆን ሲገባው የዝርፊያ ማመካኛ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

የእኅቴን ልጅ ከነትልቁ ጥራዙ በጀልባ ይዤው ከጣና ዳር ገዳማት ወደ አንዱ ሄድን። በመንገድ ሳለን ከሥዕሉ በታች ያለው ግእዝ ምን እንደሚል ጠየቅሁት፤ አላወቀም። ልወቅሰው ጀምሬ ተውሁት። እኔም ካንድ በዓል ወዲህ ያልገለጥሁት፥ ወርቅማ ቅብ ያለው የታተመ ተአምረ ማርያም በቤቴ መደርደሪያ አለኝና።

አረጋዊው አባት መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሊሳለሙት ጎንበስ አሉና መለስ አሉ፤ ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ እንደ ገና ጎንበስ ብለው የወንጌላዊውን ሥዕል ተሳለሙ። ከዚያም ሥዕሉን ትተው ማንበብ ያዙ። በሦስተኛው ቅጠል ላይ ቆም ብለው፥ «እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ቃል ዘሏል፤ እናንተ የምታሳትሙት ሰዎች አላያችሁትም?» አሉ። ልጁ ሁሉንም እንዳለ ማተም ሥርዓቱ መሆኑን አስረዳቸው። «እንግዲያስ የሚያነብ ሰው አብሮት ይኑር» አሉና፥ ለቅኔ ተማሪዎቻቸው ጥቂት ጊዜ ይተውላቸው እንደ ሆነ ጠየቁት።

ልጁ ዝም አለ። ዋጋውን አውቀዋለሁ፤ የሁለት ወር ደመወዙ ነው። በጣና ዳር ያለውን እርጥበትና የተማሪውን ብዛት እያሰበ እንደ ሆነም አውቄአለሁ። «ሌላ ቅጂ ገዝቼ እልክልዎታለሁ፥ አባ» አለ። አባም «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው መጽሐፉን በነጠላቸው ጠርገው መለሱለት፤ እኛም ነፋሱ ሳይነሣ ወደ ጀልባችን ወረድን።