ቆርቆሮውን ነው የሸጥኩት

ኢሉባቦር፣ ኖፓ ውስጥ ሥራው ሱቅ እየገዙ መሸጥ የሆነ አንድ ሰው ነበር አሉ። ሱቅ ስል የግንብ እንዳይመስላችሁ፤ በእንጨት ላይ ቆርቆሮ የተመታበት፣ ስምንት ጎረምሳ ተሸክሞ ከአንዱ መንገድ ዳር ወደ ሌላው የሚያዛውረው ዓይነት ነው። አቶ አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩ ጊዜ ተሠርተው «አርከበ ሱቅ» የሚል ስም የወጣላቸው ሱቆች ዘመድ ማለት ነው። ኮንቴይነርም ነግደህ ታውቃለህ ወይ ሲሉት ይስቃል። ባለ 20 ጫማው ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ለማንሳት ክሬን ይፈልጋል፣ ክሬን ደግሞ ትርፍ ይበላል።

ሰውዬው ወቅት ያውቃል። ኢሉባቦር የቡና አገር ስለሆነ ብር ቡናው ሲለቀም ይመጣል፣ ክረምት ላይ ይጠፋል። ዝናቡ አላባራ ብሎ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ በላዩ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ሲደርስ፣ ባለሱቁ ቁልፉን ይዞ ይመጣል። ያኔ ይገዛል። ዝገት የበላውን የታችኛውን ቆርቆሮ ያስነቅላል፣ በያጅ ጠርቶ በሩን ያስጠግናል፣ ሰማያዊ ቀለም ያስቀባል። ኅዳር ላይ የቡናው ብር ኪስ ሲገባ በእጥፍ ይሸጣል። ለቀለሙና ለብየዳው ያወጣው ከትርፉ ሩብ አይሞላም። ትርፉን ያመጣው ሱቁ መናኸሪያው ፊት ለፊት መቆሙ ነው።

ማር ሸጠው ጥቂት ብር የቋጠሩ አንዲት እናት ሊገዙ መጡና፣ «መሬቱስ የማን ነው ልጄ?» አሉት።

«አዴ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ይኸንኑ ይላል። እኔ የምሸጥልዎ ቤቱን ነው። ተነሡ ቢሉዎት አሸክመው ይሄዳሉ። ደግነቱ ይኸው አይደል?»

አልዋሸም። ውሉ ላይ «አንድ የቆርቆሮ ሱቅ» ተብሎ ተጻፈ፣ ሦስት ምስክር ፈረመ። መናኸሪያው በውሉ ውስጥ የትም የለም፤ ያለው ዋጋው ውስጥ ነበር።

ውሎ አድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና በየሱቁ በር ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ገዢዎቹ ተሰብስበው ሰውዬው ዘንድ ሄዱ። «ቆርቆሮውን ነው የሸጥኩላችሁ፤ ቆርቆሮው ደግሞ እጃችሁ ላይ አለ» አላቸው። የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል ብሎ ደንግጓል፤ «እዚህ ጋ ቁም» ተብሎ በቃል የተገኘ የመንገድ ዳር ይዘህ ምን ብለህ ትከሳለህ?

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ሰውዬው ሌላ ነገር ታየው። ሱቅ ረክሷል! በቆርቆሮ ዋጋ ሁሉንም ሰበሰበ። ግቢው ሞልቶ ጓሮ ከቡናውና ከሙዙ መሃል ሳይቀር አቆማቸው። በያጁም እንደገና ተጠርቶ በሮቹን ጠጋግኖ ሒሳቡን ተቀበለ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም ቀን ያልከሰረው እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር ደረሰ። ገዢ አልጠፋም፤ ይመጣል፣ ቀለሙን በመዳፉ ይዳስሳል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል። ከዚያ «የት ላቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው ዋጋ ይቀንሳል። ገዢው አሁንም «የት ላቆመው?» ይላል።

ማር ሻጯ አዴም አንድ ቀን ብቅ አሉ። ካርታ ካለው ቤት ግማሽ በረንዳ በወር ተከራይተው ማራቸውን እዚያ መሸጥ ጀምረዋል።

«ይምረጡ አዴ፣ ለእርስዎ እቀንሳለሁ።»

«ሱቅ አልፈልግም። ለበረንዳዬ ከጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ ንቀልልኝ።»

«ሱቁ ሊፈርስ አይደል እንዴ!»

«ቆርቆሮ ነው የምሸጠው ብለኸኝ የለ?»

ሰውዬው ወደ ተደረደሩት ሱቆች ዞር ብሎ ትንሽ ቆየና የአንዱን ዋጋ ነገራቸው። አዴ በግማሹ ጠየቁ። ሲከራከሩ በያጁ አንድ ሰው አስከትሎ ገባ፤ ለጓዳው የሚሆን በር ብቻ ነበር የሚፈልገው።