«እንደሱ አልነበረም» የሚል ሲጠፋ

በእንግሊዝ አገር ካርታ እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት የአንድ አጥቢያ ድንበር የሚታወቀው በእግር ተዙሮ ነበር። በዕርገት ሰሞን ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹና የመንደሩ ልጆች ተሰብስበው ወሰኑን ይዞራሉ። ድንጋዩ፣ ትልቁ ዛፍ ወይም ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ይቆሙና ቄሱ ይጸልያል። ከዚያ ከልጆቹ አንዱን ይይዙና በአኻያ አርጩሜ ይሸነቁጡታል፤ አለዚያም ጭንቅላቱን ከወሰኑ ድንጋይ ጋር ያጋጩታል፣ ወይ ሳማ ውስጥ ይጥሉታል፣ ወይ ጅረቱ ውስጥ ይነክሩታል። ልጁ ያጠፋው ጥፋት የለም። የሚገረፈው ቦታውን እንዳይረሳ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የጎረቤት አጥቢያ «መሬቱ የኛ ነው» ብሎ ቢነሣ፣ ያ ልጅ ሸብቶ ዳኛ ፊት ይቀርብና «ወሰኑማ እዚህ ጋ ነው፤ የተመታሁበትን ቦታ አጥቼው ነው?» ብሎ ይመሰክራል።

ልማዱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በኦክስፎርድ ከተማ የቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ ሰዎች በዕርገት ዕለት ረጃጅም አርጩሜ ይዘው ይወጣሉ። ከተማው በድሮው ወሰን ላይ ስለተሠራ መንገዳቸው በማርክስ ኤንድ ስፔንሰር መደብር ውስጥ ያልፋል። ገበያተኛው ልብስ በሚያማርጥበት መሐል ቄሱ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ይገባል፤ ተከታዮቹም የወሰኑን ምልክት በአርጩሜ ይደበድባሉ። አሁን የሚመታው ድንጋዩ ነው፣ ልጁ ተርፏል። አላፊ አግዳሚው እንደ ጨዋታ ያየዋል። እኔ ግን ስለ ትዝታ ከተጻፉት ወፋፍራም መጻሕፍት ከብዙዎቹ ይልቅ ነገሩ የገባቸው እነዚያ ልጅ ገራፊ ባላገሮች ይመስሉኛል።

«መንደሩ ያስታውሳል» ሲባል ምን ማለት ነው? መንደር ራስ የለው፣ ልብ የለው። የሚያስታውሰው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሟች ነው።

ፈላስፋው ጆን ሎክ የመንደር ልጅ ነበር፤ በ1632 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሶመርሴት ውስጥ ሪንግተን በምትባል ቦታ ተወለደ። በ1694 በወጣው የዋና መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ፣ አንድን ሰው ትናንትም ዛሬም ያው ሰው የሚያሰኘው ያለፈውን ሥራውን የራሱ አድርጎ ማወቁ ነው አለ። መንደርን በዚህ ሚዛን ብንመዝን ገና ከመነሻው እንቸገራለን። በ1086 በድል አድራጊው ዊልያም ትእዛዝ በተጠናቀረው ዱምስደይ በተባለው መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረ በሺሕ የሚቆጠሩ መንደሮች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ያን ዘመን የሚያስታውስ ግን ማን አለ? ታዲያ እነዚህ ያው የጥንቶቹ መንደሮች ናቸው ወይስ ስም ብቻ የወረሱ ባዕዶች?

ለሎክ በ1785 መልስ የሰጠው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ ነው፤ የሚገርመው የእሱም ምሳሌ የሚጀምረው ከተገረፈ ልጅ ነው። ልጁ ከሰው የአትክልት ቦታ ፍሬ ሰርቆ ይገረፋል። አድጎ መኮንን ይሆንና በመጀመሪያ ዘመቻው የጠላትን ሰንደቅ ይማርካል፤ ያን ጊዜ ግርፋቱን አልረሳም። በስተርጅና ጄኔራል ሲሆን ሰንደቁን መማረኩ ትዝ ይለዋል፤ ግርፋቱ ግን ከአእምሮው ፈጽሞ ጠፍቷል። በሎክ ሚዛን ጄኔራሉ መኮንኑ ነው፣ መኮንኑም ልጁ ነው፣ ጄኔራሉ ግን ልጁ አይደለም። ይህ ደግሞ አያስኬድም። ሪድ ምሳሌውን ያመጣው ሎክን ሊጥልበት ነበር፤ በኋላ የተነሡ የሎክ ወገኖች ግን ከዚያው ምሳሌ ማምለጫ አገኙ። ጫፍና ጫፉ ባይነካካም ቀለበቶቹ እርስ በርስ ከተያያዙ ሰንሰለቱ አንድ ነው አሉ። መልሱ ለአንድ ሰው ይበቃ አይበቃ እንጃ፤ ለመንደር ግን በልኩ የተሰፋ ነው። ተገራፊው ልጅ ገራፊውን ሽማግሌ በዐይኑ ያውቀዋል፤ ሽማግሌውም በልጅነቱ የገረፈውን ያውቃል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ችግሩ ሰንሰለት እውነትን ብቻ አያሻግርም። በሰፎክ ጠረፍ ያለችው ዳኒች በመካከለኛው ዘመን ትልቅ ወደብ ነበረች። ከ1286ቱ ማዕበል ጀምሮ ባሕር ጥቂት በጥቂት በላት፤ በገደሉ ጫፍ የቀረችው ኦል ሴንትስ ቤተ ክርስቲያንም ከ1904 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት እየተናደች ገባች። ፓርላማው እስከ 1832 ድረስ ለዚህች እፍኝ የማትሞላ ከተማ ሁለት እንደራሴ ይቀበል ነበር፤ ሕግ ባሕር የወሰደውን ነገር ለመርሳት ምን ያህል እንደሚዘገይ ከዚህ ይታያል። አገሬው ደግሞ ማዕበል ሲነሣ የሰመጡት አብያተ ክርስቲያናት ደወል ከውኃ ሥር ይሰማል ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ትዝታ ግን አይደለም። የወሰኑን ድንጋይ የሚመሰክረው ሽማግሌ ሲናገር፣ ሌላ ሽማግሌ ተነሥቶ «አንተ የተመታኸው ከዛፉ ሥር ነው፤ እኔ አልነበርኩም እንዴ?» ሊለው ይችላል። ደወሉን በተመለከተ ማንም ማንንም አያርምም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ትዝታ ከተረት የሚለየው እዚያ ነበርኩ ባይ ሌላ ሰው «እንደሱ አልነበረም» ሊለው በመቻሉ ነው። ያ ሰው ሲሞት ታሪኩ ይቀራል፤ እንዲያውም ያምራል፣ ይስተካከላል፣ ሰውም ይወደዋል።

ታይነምን የመሰለ ምስክር ለዚህ የለኝም። ዶርሴት ውስጥ ከባሕሩ አጠገብ ያለች ሸለቆ ናት። በታኅሣሥ 1943 ጦር ሠራዊቱ ለታንክ ልምምድ ስለፈለጋት፣ ከመንደሯና ከአካባቢዋ ወደ 225 ሰዎች ለቀቁ። ሲወጡ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤቶቹን አደራ የሚል፣ አንድ ቀን እንመለሳለን የሚል ወረቀት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትተው ሄዱ። አልተመለሱም፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1948 መንግሥት መሬቱን ጠቅልሎ ወሰደው። ከ1975 ጀምሮ ተኩስ በማይኖርባቸው ቀናት ጎብኚ ይገባል። ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች በሣር መሐል ቆመዋል። ትምህርት ቤቱ ታድሶ የልጆቹ ዴስክና ደብተር በየቦታው ተደርድሯል፤ ኮት መስቀያው ላይ ስማቸው አለ። መንገዱ ዳር የ1929 ዓይነት ነጭ የስልክ ቤት ይታያል። (የመጀመሪያው በ1980ዎቹ ፊልም ሲቀረጽ ተሰብሮ በሌላ ተተክቷል። ጎብኚው ግን ፎቶ ሲያነሣ ስለዚህ አያስብም፣ ለምንስ ያስባል?)

ከዚያ የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል፦ እዚህ ያማረ ኑሮ ነበር፣ ጦርነት መጥቶ አፈረሰው። አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ያ ያማረ ትምህርት ቤት የተዘጋው ታንክ ከመምጣቱ አሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1932፣ ተማሪ ስላጣ ነው። መሬቱም ቤቱም የአንድ ባላባት ቤተሰብ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ጭሰኛና ተከራይ ነው። ስለዚህ ካሳ ሲታሰብ ለተከራዩ የደረሰው በጓሮው ላበቀለው አትክልት ብቻ ነበር። መንደሯ ቀድሞውንም እየሳሳች ነበር ማለት ነው። ሰዎቹ እዚያው ቢቆዩ ኖሮ ይህን እርስ በርሳቸው ሲከራከሩበት ይኖሩ ነበር። አንዷ «ያን ጊዜ ጥጋብ ነበር» ስትል ጎረቤቷ «ጥጋቡ ያንቺ ቤት ይሆናላ!» ትላት ነበር። ሰዎቹ ሲበተኑ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ይዞ ሄደ፤ ቁራጩን የሚያርምለት ጎረቤት ሌላ ከተማ ነው ያለው። መንደሯ የተሟላ ውበት ያገኘችው ጭቅጭቁ ከተቋረጠ በኋላ ነው። እዚያው ዶርሴት ውስጥ ሳይነኩ የቀሩት መንደሮች ይህን ውበት አላገኙም፤ አውቶቡሱ ቀረ፣ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፣ የሣር ክዳን ቤቶቹን የከተማ ሰው ለዕረፍት ጊዜ ገዛቸው፤ ማንም ወረቀት በር ላይ አልለጠፈላቸውም።

ካፔል ኬሊን ላይ ሐሳቤ እንዲህ ቀላል አይሆንልኝም። በሰሜን ዌልስ በትሪዌሪን ሸለቆ የነበረች፣ ዌልስኛ ተናጋሪ መንደር ናት። የሊቨርፑል ከተማ የውኃ ግድብ ፈለገች፤ በ1957 የለንደኑ ፓርላማ ፈቀደ፤ ከዌልስ እንደራሴዎች አንድም የደገፈ አልነበረም። በ1965 ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ የጸሎት ቤቱና የመቃብሩ ቦታ ከውኃ በታች ሆኑ። የሊቨርፑል ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በ1960ዎቹ ላንርስቲድ አጠገብ በአንድ የፈረሰ ቤት ግንብ ላይ «ትሪዌሪንን አስታውሱ» የሚል ትእዛዝ በቀለም ተጻፈ። በ2019 ግንቡን የጎዳ ጎዳው፤ ወዲያው ያው ጽሑፍ በዌልስ ሁሉ በየግድግዳው ብቅ ብቅ አለ። ቀለሙን የያዙት ወጣቶች መንደሯን አያውቋትም። ያላዩትን እንዲያስታውሱ ማዘዝ ይቻላል?

በራሴ መለኪያ አይቻልም ልል ነው፤ ግን ያ ግርፊያ ትዝ ይለኛል። የወሰኑ ልጅም ስለ ድንበሩ በራሱ ያወቀው ነገር አልነበረም፤ ሌሎች በሥጋው ላይ አስቀመጡበት፣ እሱም ምስክር ሆነ። ግንቡም ለዌልስ ልጆች የወሰን ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ ምስክርነት እለዋለሁ፣ ትዝታ አልለውም፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ምስክርነት ፍርድ ያስገኛል፤ መንደርተኞቹ ስለ ምን ይስቁ እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ግን ከግንቡ ላይ አይነበብም። በደል የደረሰበት ሰው በደሉ ብቻ ሲቀርለት ሁለተኛ ይበደላል፤ መንደርም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ከሩቅ ሆኜ እንዳልመለከት የሚያደርገኝ አንድ ቤት አለ፤ ባዝ ከተማ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ከጣልያን ወረራ ተሰድደው ከመጡ በኋላ እስከ 1940 የኖሩበት፣ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጀመሩበት ቤት ነው። በ1954 ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 እሳቸው ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጡ። በባዝ ሰዎች ወሬ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ካባ ደርበው የሚንሸራሸሩ ጨዋ ጎረቤት ናቸው፤ ከዳቦ ቤቱና ከፓርኩ እኩል የሰፈር ታሪክ ሆነዋል። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ አፉን ያሳክከዋል። ማይጨው አለ፣ «ንጉሥ አገሩን ጥሎ ይሄዳል ወይ?» የሚለው የአባቶቻችን ክርክር አለ፣ ወሎ አለ፣ 1974 አለ። ራስ ተፈሪያኑ ደግሞ ወደዚያው ቤት የሚመጡት በሌላ ዐይን ነው። ለኔ የባዞች ትዝታ በዚህ አልተበላሸም፤ ጭቅጭቅ የሚገጥመው ስላገኘ ከታይነም ዕጣ አመለጠ። እኛም ብንሆን ዙፋንና ረኀብ ብቻ ካለበት ክርክራችን ውስጥ፣ መንገድ ላይ ንጉሡን ሰላም የሚላቸውን የባዝ ሰው ማስገባታችን አይጎዳንም።

ተከራካሪ ደግሞ የግድ የመንደሩ ተወላጅ መሆን የለበትም። ጆርጅ ኢዋርት ኤቫንስ ዌልሳዊ ነው፣ የማዕድን አገር ልጅ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሚስቱ በሰፎኳ ብላክስሆል መንደር አስተማሪ ስትሆን አብሯት መጣ፤ ጆሮው እየከበደው ነበር። ጎረቤቶቹ ትራክተር ሳይመጣ በፈረስ ያረሱ፣ በማጭድ ያጨዱ፣ ዳቦ በቤታቸው የጋገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። እነሱ እርስ በርሳቸው ይህን አይጠያየቁም፤ ሁሉም ያውቀዋላ። ኤቫንስ ግን ስለማያውቅ ጠየቀ፤ በ1956 ያሳተመው «ሣሩን ያጨዱትን ጠይቁ» የተባለው መጽሐፉ ለብሪታንያ የቃል ታሪክ መንገድ ጠረገ። ጆሮው የከበደው ሰው «እስቲ ድገሙልኝ» ሳይል አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ሽማግሌ ደግሞ ነገሩን ሲደግም እንደ መጀመሪያው አድርጎ አይናገርም፤ አንድ ፈረስ ይጨምራል፣ አንድ ዓመት ይቀንሳል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ያን ጊዜ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ጣልቃ ይገባል።