ቢላዋውን ማን እንደያዘው

ሐኪም ሆድ የሚከፍተው ለማዳን ነው፤ ይህን ግን ለመቅኔ የሚነግረው የለም። መቅኔ የሚያውቀው ሥጋ መቆረጡን፣ ደም መፍሰሱን ነው። ቢላዋው የወንበዴም ይሁን የቀዶ ሐኪም፣ ሰውነት ክተት ያውጃል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት እጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ይለቃሉ። የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ተላቀው ከሚፈሰው ደም ይቀላቀላሉ። በአዘቦቱ ቀን እንኳ 100 ቢሊዮን ያህል ኒውትሮፊል የሚያመርተው መቅኔም ያከማቸውን ያዘምታል፤ ሲጨንቀው ጢም ያላበቀሉትን ሳይቀር። በዚያው ሰዓት ሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎች፣ ሊምፎሳይቶቹ፣ ይመናመናሉ። ከአልጋው ላይ ያለው ሰው በአንድ ጎኑ ታጥቆ በሌላው ተጋልጧል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቁስሉ ሳይመረቅዝ ነው። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ በተቀየረላቸው ሰዎች ላይ እንደታየው፣ የነጭ የደም ሴል ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በአማካይ ወደ 3,000 ገደማ ይጨምርና በአራተኛው ቀን ወደ ነበረበት ይጠጋል። ወርዶ የነበረው እንደገና ሲያሻቅብ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት፣ ያኔ ነው መጠርጠር።

መቅኔን የሚቀሰቅሰው መልእክት ምን እንደሆነ ቀድመው ከደረሱበት ቦታዎች አንዱ እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቦት ከተማ፣ ከሰፈራችን ከክፋር ግቢሮል ብዙም የማይርቀው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ነው። የተቋሙ ተመራማሪ ሊዮ ሳክስ ከፕሉዝኒክ ጋር በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ የደም ሴሎች በብልቃጥ ውስጥ እንዲራቡ ሌሎች ሴሎች የሚለቁት ንጥረ ነገር እንደሚያስፈልጋቸው አሳዩ። ሜልበርን ላይ ተመራማሪዎቹ ሜትካልፍና ብራድሊ በበኩላቸው እዚያው ደረሱ። ዛሬ በካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሴሉ ለተመታበት ሰው የሚወጋው መርፌ የዚያ ምርምር ልጅ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቆጠራው የሚጀምርበት ቦታ ነው። የላብራቶሪ ወረቀት ከ4,000 እስከ 11,000 ያለውን የነጭ የደም ሴል ቁጥር ደህና ይላል። ከኢትዮጵያና ከየመን በመጡ አይሁዶች ዘንድ ግን ኒውትሮፊሉ በማነሱ ቁጥሩ ከዚህ ልክ ወርዶ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴሎች ላይ አለመኖሩ ነው። መቅኔያቸው አልደከመም፤ በደም ሥር የሚዞረው ነው ያነሰው። በአገር ቤትም በአቃቂና በወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ 3,200 ይዘው ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን የሚቀርቡ እናት፣ ቁጥራቸው በቀይ ተጽፎ ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ደግሞ ቁጥሩ ወርዶ እንደገና 6,500 ሲደርስ ወረቀቱ «ደህና» ይላል፤ እጥፍ መሆኑን የሚያውቅ ግን ትናንትን ያየ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ያንገላታል፣ ሁለተኛው ግን የሚያመረቅዝ ቁስል ይደብቃል፤ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ደም፣ ለነገሩ፣ በዚህ አገር ለእኛ ለኢትዮጵያ አይሁዶች እንዲሁ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። የለገሱት ደም ሲደፋ መቆየቱ ተሰምቶ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ የወጣው ሕዝብ አልተረሳም። «ደምሽ ልክ አይደለም» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ በቅንነት ቢወጣም ጆሮ ላይ የሚያርፈው ሌላ ሆኖ ነው።

በሰፈራችን አንዲት እናት የዓመታት የደም ምርመራ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ነው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት። ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ቁጥሩን ግን ያውቁታል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው ለልጅ ልጃቸው «ንገሪው እስቲ፣ እኔ ድሮም ይኸው ነኝ። አሁን ቀኑን ይቁረጥልኝ» ይላሉ።