በነፃ ያገኘ ሰው ቅር ሊለው ይገባል?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ዋጃ ነበርኩ። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የአክስቴ ልጅ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ትሠራለች። ያረጀ ኮምፒዩተሯን ቫይረስ ስላስቸገረው፣ የነበረውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አጥፍቼ ነፃውን፣ ሊኑክስ የሚባለውን ጫንኩላት። ገንዘብ አልወጣ፣ የተሰረቀ ቅጂ የለ፤ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

በማግስቱ አንድ አዛውንት ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ስለገባ ለማሽኑ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ለመጻፍ ግን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ እየደረደርኩ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ሽማግሌው ቆመው ይጠብቃሉ። ዕለቱ ጳጉሜን 2 ነበር፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሴፕቴምበር 7።

«ጋሼ፣ ይህን የሠራው ሰው ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም?» አለችኝ።

«በነፃ ሰጥተውሽ ደግሞ ታማርጫለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እርግጥ ነው፣ ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ ከእንቅልፋቸው ቀንሰው የሚደክሙ ናቸው። የሊኑክስን እምብርት እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንዳዊ ተማሪ ነበር። ዋጃ ላለ ሰው ዕዳ የለባቸውም። ነገር ግን «ነፃ» የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው፤ ዋጋ የሌለው፣ አርነት ያለው። በ1983 የነፃ ሶፍትዌርን ጥሪ ያሰማው ሪቻርድ ስቶልማን ያለው ሁለተኛውን ነው፤ መጠቀም፣ መመርመር፣ መለወጥ፣ ማካፈል። ስለዚህ ቅር ያለውን ሰው «ራስህ አስተካክለው» ይሉታል። ይህ ለአክስቴ ልጅ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፉን እንዲያርም እንደ መፍቀድ ነው።

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2011 የዴስክቶፑን ገጽታ በለወጠ ጊዜ የተጠቃሚው ቅሬታ ዓለምን አዳረሰ። በ2017 ኩባንያው ያንን ገጽታ ተወው፤ ምክንያቱ ግን ቅሬታው ብቻ አልነበረም። የሆነ ሆኖ ያ ሁሉ ጩኸት የእንግሊዝኛ ጩኸት ነበር።

በራያ ሜዳ ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባል። ጎርፉን የገዛው የለም። ይሁንና ውሃው ታች ሳይደርስ ሲቀር የታችኛው ባለማሳ «ምን አገባኝ፣ በነፃ የመጣ ነው» ብሎ አይተኛም። ቦዩ መፍረሱን አስቀድሞ የሚያውቀው ውሃ የቀረበት ሰው ነው። መናገሩ ምስጋና ቢስነት ሳይሆን የሥራው መጀመሪያ ነው። እቤቱ ተቀምጦ የሚራገም ሰው ግን ለቦዩ አንድ አካፋ አፈር አልጨመረም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ጽሕፈት ቤት ምስጋና ቢስ የነበረው ማን ይመስልሃል? እሷ ስሕተቱን በአንድ ጥያቄ አሳየችኝ፤ እንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ አፏን አስያዝኳት።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የእሷን ፍላጎት ቁጥር ሰጥቼ፣ ከምስጋና ጋር ለሠሪዎቹ ጻፍኩ። አንደኛ፣ አማርኛ መጻፊያው ከመጀመሪያው ይኑር፤ ሁለተኛ፣ አሥራ ሦስቱ ወራችን ይቆጠሩ፤ ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ከንጋት ይጀምር። መልስ አልመጣም። ላይመጣም ይችላል፤ መስጠት ግዴታቸው አይደለምና። ቅር መሰኘት የእሷ መብት ነበር፤ ማድረስ ግን የኔ ግዴታ።