ሐና ለምን አለቀሰች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ጾም ለችግረኛ ቤተሰቦች ዱቄትና ዘይት ይዘን ስንዞር በየደጁ «እንዴት ናችሁ?» አልን። አባወራዎቹ «ተመስገን፤ ደኅና ነን» አሉን፤ እኛም «ደኅና» ብለን መዘገብን። ከአንድ የቀበሌ ቤት ስንወጣ ግን እናቲቱን ከጋራው ማድቤት አገኘናቸው። ለገበያ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ጢሱ ዓይናቸውን አቅልቶታል። «እርስዎስ፣ እናታችን?» ብንላቸው «እኔንማ ማን ጠይቆኝ!» ብለው ወደ ምጣዳቸው ዞሩ።

በዩኒቨርሲቲ እንደምንማረው ድህነት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በቤተሰብ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ማን መጨረሻ እንደ በላ፣ ማን መጨረሻ እንደ ተኛ ቁጥሩ አይናገርም። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ጎዳና የሚጠርጉ እናቶች ማለዳ ወጥተው ሲመለሱ ውኃው፣ ልብሱ፣ ልጁ ይጠብቃቸዋል። ሥራ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን የሚገባው አባትም ሐፍረቱ ቀላል አይደለም፤ እርሱንም «ወንድ አያለቅስም» ብለን አፉን ዘግተንበታል። ኀዘናቸው ግን አንድ አይደለም።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1ን እንመልከት። ሕልቃና ሐናን ይወድዳታል። ለምን እንደምታለቅስ ጠየቃት፤ ወዲያውም እርሱ ከልጆች እንደሚሻላት ነገራት፤ መልሷ አልተጻፈም። ካህኑ ዔሊ እንኳ ከንፈሯን ብቻ አይቶ የሰከረች መሰለው። ኀዘኗን ከአፏ ሲሰማ ግን ባርኮ አሰናበታት።

በመጪው እሑድ ወደዚያው ቤት እንመለሳለን፤ ዱቄት ባይኖረንም። እኅቶቻችን ወደ ማድቤቱ፣ ወንድሞቻችን ከአባወራው ጋር ደጃፍ። በመዝገቡም ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት መስመር አስምረናል።