የልጆቻችን ጆሮ አማና ነው



ታላቅ እህቴ በአንድ ወቅት ስልኳን ይዛ መጣችና «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ይህን እየውና ለልጄ ይሆናታል አይሆናትም በለኝ» አለችኝ። በዩቲዩብ ለልጆች የሙዚቃ ትምህርት የሚሰጥ ጣቢያ ነበር። አስተማሪዋ አንደበቷ የረጋ፣ አለባበሷም ጨዋ ነው። ልጆች በጭብጨባ ምት ይቆጥራሉ፣ ድምፃቸውን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይለማመዳሉ፣ አልፎ አልፎም ፒያኖ ይነካሉ። ሦስት ትምህርቶችን አየት አየት አደረግኩና «ምንም አይልም» ብዬ ፈረድኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለመግሪብ አዛን በተባለበት ሰዓት ቤቷ ስገባ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። የምታየው ግን ያንን ትምህርት አልነበረም። እኛ አዋቂዎቹ እንኳ ከወላጆቻችን ጋር ተቀምጠን ልናየው የምናፍርበት የዘፈን ክሊፕ ነበር። «ማን ከፈተልሽ?» ስላት «አጎቴ፣ እኔ አልከፈትኩትም፤ ራሱ ነው የመጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይከተላል። እኔ የመረመርኩት አስተማሪዋን ብቻ ነበር፤ ከእርሷ ቀጥሎ ማን እንደሚገባ አልጠየቅኩም።

ውድ አንባብያን! በየቤታችን ሁለት ዓይነት ወላጅ አለ። አንዱ «ሙዚቃ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሳያይ ይከለክላል፤ ልጁም ተደብቆ ያያል። ሌላው «ትምህርት» የሚለውን ሲሰማ ሳያይ ይፈቅዳል። ሁለቱም የፈረዱት በስሙ ላይ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ግን በሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አንቀጽ ዕውቀቱ የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል፤ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም እንደሚጠየቁ አሳስቦናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኞች እንደሆንንና ስለምንጠብቀው ሁሉ ተጠያቂዎች እንደሆንን አስተምረውናል። ነፍስ ያላወቀ ልጅ ጆሮ ተጠያቂው ማን ነው? እኛው አይደለንምን?

ስለ ሙዚቃ ራሱ ፈትዋ መስጠት የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም። ሆኖም የሚታወቀውን ማስታወስ ይገባል። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ዑለማዎች የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከልክለዋል፤ ከማስረጃዎቻቸው አንዱ በሰሒህ አል-ቡኻሪ የሚገኘው ሐዲስ ነው። የአንደሉሱ ኢብኑ ሐዝም (በ456 ሂጅራ የሞቱት) የዚያን ሐዲስ ሰነድ ተችተው ፈቅደዋል፤ ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ግን ትችታቸውን አልተቀበሉም። በሌላ በኩል በዒድ ቀን በአዒሻ (ረ.ዐ) ቤት ሁለት ልጃገረዶች ሲያዜሙ አቡበክር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ቢሞክሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲተዋቸው መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የወሎው መንዙማና ድቤውም በመካከላችን ስንት ክርክር እንዳስነሳ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ፒያኖውን በተመለከተ እያንዳንዱ ወላጅ የሚተማመንበትን ዓሊም ይጠይቅ።

ይሁንና ለወላጅ ምርመራ የሚበጅ መለኪያ ከጥንት ተቀምጦልናል። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ሂጅራ የሞቱት) በኢሕያእ ዑሉሙዲን ኪታባቸው ስለ ዜማ ሲጽፉ በጅምላ አልፈረዱም። የሚያዜመው ማን ነው? መሣሪያው ምንድን ነው? ቃሉ ምን ይላል? አድማጩስ በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ምን ያህልስ ያዘወትረዋል? እያሉ ለያይተው መረመሩ። የተፈቀደ ጨዋታ እንኳ ያለ ልክ ሲዘወተር ወደ ጥፋት እንደሚያደርስ አስጠንቅቀዋል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ተነሳሁ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሶላት እስኪያልፋት ድረስ ከስልክ ጋር መቆየቷን የትኛው የአስተማሪ ጨዋነት ያካክሰዋል?

በእኛ ዘመን ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ «ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው?» የሚለው። ዩቲዩብ ቀጣዩን የሚመርጠው በአብዛኛው በዚያ ስልክ ከዚህ በፊት የታየውን እየተከተለ ነው። ስልኩ የእናትየዋ ከሆነ እናትና ታላላቅ ልጆች ያዩት ሁሉ ለትንሿ ልጅ መንገድ ይጠርጋል። ገቢውም በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልና ዩቲዩብ ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጆችን መረጃ ሰብስባችኋል ተብለው በአሜሪካ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮም አዘጋጆች ሥራቸው ለልጆች የተዘጋጀ መሆን አለመሆኑን እንዲያስታውቁ ተደርጓል፤ ለልጆች ተብሎ በተመዘገበ ቪድዮ ሥር የተመልካች አስተያየት ዝግ ነው። እኔ ያየሁት ጣቢያ አስተያየት መስጫው ክፍት ነበር። ይህ ብቻውን ለልጆች ተብሎ እንዳልተመዘገበ ይነግረኝ ነበር፤ ልብ አላልኩትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንይ፤ የዘፈኑን ቃል እናዳምጥ፤ በባዕድ ቋንቋ ከሆነም ትርጉሙን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ቀጣዩ በራሱ እንዳይጫወት የሚያደርገውን ቁልፍ እናጥፋ። ሦስተኛ፣ ከሶላትና ከቁርአን ቂርአት ሰዓት ጋር የማይጋጭ የተወሰነ ጊዜ እንመድብ። አራተኛ፣ ስንከለክል ምክንያቱን እንንገር፤ የምንከለክለውንም በሌላ እንተካ። ድምፅዋ ያማረ ልጅ «ዝም በይ» ብቻ ከተባለች ሌላ ጆሮ ትፈልጋለች፤ ተጅዊድ የሚያስተምራት ኡስታዝ ወይም ነሺዳ የምታዜምበት መድረሳ ብናገኝላት ግን በዚያው ድምፅዋ አጅር ታገኝበታለች።

እህቴ አሁን ከዐስር በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከልጇ ጎን ተቀምጣ አብራት ታያለች። ስለ ፒያኖው ኡስታዟን ጠይቃ ያንን ክፍል ትተውታል። እኔም ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ የጠፋው ጥፋት የእርሷ አልነበረምና።

አላህ (ሱ.ወ) በአደራ የሰጠንን ልጆች ለመጠበቅ ዓይንና ትዕግሥት ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።