ዛፉን ከመግፋታችሁ በፊት ሄልሜቱን

በትራክተር ምንጣሮ ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ታች ነው። የፊት ጎማው ጉቶ ላይ እንዳይወጣ፣ ሥሩ መላቀቅ አለመላቀቁን፣ ሣር ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ እንዳለ ያያል። ማየትም አለበት። ዛፉ ግን መልስ የሚሰጠው ከላይ ነው። ከታች ሲገፋ ግንዱ ይነቃነቃል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ካለ ንቅናቄውን አይችልምና ይሰበራል። የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ዛፉ በሚያዘነብልበት በኩል ሳይሆን ወደ ገፊው ነው። ኦፕሬተሩ ቀና ብሎ እስኪያይ የሚጠብቅ ነገር የለም። ሄልሜት የሚደረገው ላላየነው ቅጽበት ስለሆነ፣ «ልምድ አለኝ፣ አይቼ አመልጣለሁ» የሚለው መከራከሪያ ገና ከጅምሩ ውድቅ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በገዋኔ አካባቢ፣ ፕሮሶፒስ ለሚመነጥሩና ለሚያስመነጥሩ ነው። ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ የአፋርን ግጦሽና የጥጥ ማሳ የወረሰ እሾሃም ዛፍ ነው። ከብቱ ፍሬውን ይበላና በእበቱ በየሄደበት ይዘራዋል። ክፋቱ፣ ከመሬት በላይ ብትቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ከነሥሩ መንቀል ግድ ይሆናል፤ ትራክተር ያለው ሰው ወይ ይገፋዋል ወይ ሰንሰለት አስሮ ይጎትተዋል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዛፉ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ የለውም። ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ይወጣል፣ ቅርንጫፉም እርስ በርሱ ተጠላልፎ ያድጋል። አንዱን ስትገፉ ሌላው የፊት አክስሉ ሥር ይተኛል፣ ይለጠጣል፣ ጎማው ሲያልፈው እንደ ደጋን ተፈናጥሮ ይነሣል። የሚያርፈውም ፊት ወይም ጆሮ ግንድ ላይ ነው። እሾሁ የመኪና ጎማ የሚበሳ ነው፤ ዓይንማ ምን አላት? ስለዚህ ከሄልሜቱ ጋር መነጽር ማድረግ ቅንጦት አይደለም።

ሰበቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንደኛው ሙቀት ነው። እውነት ነው፤ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ፀሐይ ላይ ፕላስቲክ ራስ ላይ መድፋት ደስ አይልም። መፍትሔው ግን ሄልሜቱን ፓራፋንጎ ላይ መስቀል አይደለም። ማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ ረፋድ ላይ ማቆም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ መቀጠል፣ ውኃ በጄሪካን መያዝ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ከፋብሪካው ያለው ሄልሜት መግዛት ይቻላል። ሁለተኛው ሰበብ «ለአንዲት ሰዓት ሥራ?» የሚለው ነው። ቅርንጫፉ ሰዓት አይቆጥርም። ሦስተኛውን አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም፤ «ፈሪ ይሉኛል» ነው። ይህን የሚያስቀረው ምክር ሳይሆን ባለቤቱና ካቦው ራሳቸው ሄልሜት ሳያደርጉ ማሳው ውስጥ አለመግባታቸው ነው።

ጥላውን የተመለከተ የተሳሳተ መተማመንም አለ። ብዙ ትራክተር ላይ ከሹፌሩ በላይ በቀጭን ቱቦ የቆመ የቆርቆሮ ጥላ ይታያል። ለፀሐይ ደግ ነው። ለዛፍ ግን ምንም ነው፤ ክንድ የሚያክል ቅርንጫፍ ከወረደበት ጎብጦ ራሱ ሌላ አደጋ ይሆናል። የሚወድቅ ነገር እንዲችል ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ጠንካራ ጣሪያ ሌላ፣ ጥላ ሌላ።

አሁን ስለ ሄልሜቱ። ሞተር ሳይክል የሚነዳበትን ይዞ የሚመጣ አለ፤ ባዶ ራስ ከመሆን ይሻላል፣ ግን ጆሮ ይደፍናል፣ በጎን ማየት ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አያስቀምጥም። ለሥራ የተሠራውን ግዙ፤ ግን አቅሙን እወቁ። ኢኤን 397 የሚል ጽሑፍ ያለበት የአውሮፓ ደረጃ ሄልሜት የሚፈተነው 5 ኪሎ ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ ተለቅቆበት ነው። 1 ኪሎ የሚመዝን ቅርንጫፍ ከ5 ሜትር ቢወርድ የሚያሳርፈው ጉልበት ከዚያ ጋር እኩል ነው። ከዚህ በላይ የከበደውን ወይም ከዚህ በላይ ከፍታ የወረደውን ሄልሜቱ ያለዝበዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ስለዚህ ሄልሜት ያደረገ ሰው የደረቀ ጫፍ ያለውን ዛፍ በድፍረት ይግፋ ማለት አይደለም። ይልቅስ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ወርዶ፣ ዛፉን ዞሮ፣ ሽቅብ አይቶ፣ የደረቀውንና የተንጠለጠለውን ለይቶ ይተወው፤ ወይም ከሩቅ በረጅም ሽቦ ገመድ ይሳበው። ተራው የግንባታ ሄልሜት የሚፈተነው በአናት ላይ መሆኑንም አትርሱ። ለምንጣሮ በጎንም የሚከላከል ውስጠኛ ስፖንጅ ያለውና የአገጭ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል፤ ማሰሪያ የሌለው መጀመሪያ ቅርንጫፍ ሲነካው ሜዳ ላይ ነው።

ውስጡን ገልብጡና እዩት። ራስና ፕላስቲኩ እንዳይነካኩ የሚያደርግ ጥልፍልፍ ማሰሪያ አለ፤ መሀላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይቀራል። ምቱን የሚያበርደው ያ ክፍተት ነው። እኛ ግን ኪስ አድርገነዋል፤ ሲጋራ፣ የስልክ ካርድ፣ የደመወዝ ብር፣ የተጠቀለለ ሻሽ ይከተትበታል። ክፍተቱ ከሞላ ምቱ በቀጥታ ወደ አናት ያልፋል። ላብ ለመምጠጥ ስስ ጨርቅ ይበቃል። ሙቀት ቀነሰልኝ ብሎ በጋለ ብረት መብሳት፣ ቅባት ለማስለቀቅ በቤንዚን ማጠብ፣ ስም ለመጻፍ ቀለም መቀባትም ፕላስቲኩን ያደክመዋል።

ፀሐይም ታደክመዋለች። ቀለሙ የነጣ፣ ሲዳስሱት ዱቄት የሚል፣ በሁለት እጅ ጎንና ጎኑን ሲጫኑት የሚንቋቋ ሄልሜት ጊዜው አልፏል። ከጠርዙ ሥር ሰዓት የመሰለች ክብ ምልክት አለች፤ መሀሏ ላይ ዓመቱ በሁለት አኃዝ ይጻፋል፣ ቀስቷ ወሩን ትጠቁማለች። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ «17» የሚለውን አይቶ አዲስ ነው ብሎ የገዛ ሰው አይፈረድበትም፣ ግን 17ቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 2009 ወይም 2010 የተሠራ ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የአፋር ፀሐይ ደግሞ ከዚያ በፊት ልትጨርሰው ትችላለች።

ረዳቱስ? ፓራፋንጎ ላይ ተቀምጦ የሚሄደው ልጅ ከሹፌሩ ይልቅ ለቅርንጫፉ ቅርብ ነው። ለእሱ መጀመሪያ የምመክረው ሄልሜት ሳይሆን መውረድን ነው። ወርዶ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ዛፉ ቢወድቅ ከሚደርስበት በእጥፍ ርቆ ይቁም። ሰንሰለት በሚወጠርበት ጊዜም ማንም በአጠገቡ እንዳያልፍ፤ የተበጠሰ ሰንሰለት የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ሄልሜት ጨርሶ የማይመልሰው አደጋም አለ። ሰንሰለቱን ከመጎተቻው ብረት ከፍ አድርጎ ያሰረ ሰው፣ ጉቶው አልነቀል ሲል የፊት ጎማዎቹ ይነሣሉ፤ ትራክተሩ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ያን ጊዜ የሚያድነው ከመቀመጫው ኋላ የቆመው ጠንካራ የብረት ቅስትና የታሰረ ቀበቶ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ቅስቱን የመሰለ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። እኛ ዘንድ ቅርንጫፍ ያዘብን ብለው የሚፈቱት አሉ። መልሱት። ቅስት በሌለው ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ አትሰሩ፤ ከተገለበጠው ብረት ጋር ያስቀራችኋል።

ለባለሀብቱ ደግሞ፦ ምንጣሮን በሄክታር ኮንትራት ስትሰጡ ጥድፊያንም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ቢያንስ ሄልሜት፣ መነጽርና ቅስት ውሉ ላይ ይግቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስተማርን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛውም የቀረበለትን የመጠቀም ግዴታ አለበት፤ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ካሳውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ለሹፌራችሁ በቃል ብቻ ሳይሆን በሚያነበው ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡት፤ እዚያ አካባቢ ያ ቋንቋ አፋርኛም ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከምቱ በኋላ ያለው ነው። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ሥራው አብቅቷል፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳያደርገው ሰብራችሁ ጣሉት። የተመታው ሰው ደግሞ ሄልሜት ስላደረገ ብቻ ደህና ነው አይባልም። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን አትተዉት። «ደህና ነኝ፣ ይህቺን ዛፍ ብቻ ልጨርስ» ቢል ቁልፉን ተቀበሉት፤ በዚያ ቀን ትራክተሩ ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው።